ቆጠራውን ለኮምፒውተሩ ተዉለት፤ ለላብራቶሪ ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለምርምር ላብራቶሪ ኃላፊዎች፣ በጀት ለምታጸድቁና ዕቃ ለምትገዙ ሁሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤው ረዘም ይላል። ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ የምጠይቃችሁ ነገር ብዙ ገንዘብ አይፈልግም።

ሥራዬ የሕብረ ሕዋስ ናሙና ማዘጋጀትና መለካት ነው። ፎርማሊን ውስጥ የቆየውን ቁራጭ ፓራፊን ውስጥ እቀብረዋለሁ፤ በማይክሮቶም 4 ወይም 5 ማይክሮን ውፍረት አድርጌ እቆርጠዋለሁ፤ ቀለም አስይዤ ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሥራ ለብዙ ዓመት መቁጠር ብቻ ነበር። ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ ተክዬ፣ እጄን የመቆጠሪያዋ ቁልፎች ላይ አድርጌ፣ ቡናማ ኒውክለስ ሳይ አንዷን ጠቅ፣ ሰማያዊ ሳይ ሌላዋን ጠቅ። ለአንድ ስላይድ አንድ ሺህ ጊዜ። ስላይዱ ደግሞ አንድ አይደለም።

ቡናማው ኬአይ-67 የሚባል ፕሮቲን ያለበት ሕዋስ ነው። ይህ ፕሮቲን በመባዛት ዑደት ውስጥ ባሉ ሕዋሳት ኒውክለስ ውስጥ ይገኛል፤ ስለዚህ ከመቶ ስንቱ ቡናማ እንደሆነ ካወቅን ሕብረ ሕዋሱ ምን ያህል እየተባዛ እንደሆነ መገመት እንችላለን። በወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ነው። ስላይዱ ላይ ግን በጣም ቡናማ አለ፣ ትንሽ ቡናማ አለ፣ ደግሞ ቡናማ ይሁን ሰማያዊ ለመወሰን ትንፋሽ የሚያስይዝ አለ።

አንድ ጊዜ የስላይዶቹ መለያ ተሸፍኖ ስቆጥር፣ ሰኞ የቆጠርኩት ስላይድ ሐሙስ ተመልሶ እጄ ገባ። አላወቅኩትም። መለያው ሲገለጥ ሰኞ 18 ከመቶ፣ ሐሙስ 25 ከመቶ ጽፌያለሁ። ስላይዱ ያው ነው፣ ማይክሮስኮፑም ያው። ፈዘዝ ያሉትን ሰኞ ከሰማያዊው ጋር፣ ሐሙስ ከቡናማው ጋር ደምሬያቸዋለሁ። በዚያ ጥናት ውስጥ በሕክምናው ቡድንና በማነጻጸሪያው ቡድን መካከል እናገኘዋለን ብለን የምንጠብቀው ልዩነት ከዚህ ብዙም የሚበልጥ አልነበረም። ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚህ ነው። ቆጠራውን ጠረጴዛችሁ ላይ ላለው ተራ ኮምፒውተር ስጡት። እኛ ባለሙያዎቹ ደግሞ የቆጠረውን የምንፈትሽበት ጊዜና ያልተነካካ ዋናው ምስል ስጡን። የምጠይቀው ይኸው ነው።

መጀመሪያ የምሰማው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ለሶፍትዌር በጀት የለም»። በጀት አያስፈልገውም። ዌይን ራስባንድ የሚባል ሰው በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ውስጥ ኤንአይኤች ኢሜጅ የተባለውን ፕሮግራም መሥራት የጀመረው በ1987 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ በጊዜው ለነበረው ማኪንቶሽ። ማለትም ገና ከመነሻው የታሰበው ሰው ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ ኮምፒውተር ነበር። በ1997 ተተኪው ኢሜጅ ጄ ጃቫ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ተጽፎ ወጣ፤ በየትኛውም ኮምፒውተር ይሠራል፣ በነፃ ነው፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። ፊጂ ማለት ይኸው ኢሜጅ ጄ ከብዙ ተጨማሪ መሣሪያዎች ጋር ተጠቅልሎ የሚመጣበት ነው። ከብሮድ ኢንስቲትዩት የወጣው ሴልፕሮፋይለር ኮድ መጻፍ ለማይወድ ሰው ይመቻል፤ ደረጃዎቹን አንድ በአንድ ትደረድራላችሁ፣ እሱ በሺህ ምስል ላይ ይደግመዋል። ለትልልቅ የስላይድ ስካን ደግሞ ቤልፋስት በሚገኘው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ አሁን በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የሚለማው ኪውፓዝ አለ። ሁሉም በነፃ ነው የሚወርዱት። ዛሬ ማታ ማውረድ ይቻላል።

ሁለተኛው መልስ «ኮምፒውተራችን አይችለውም» ነው። ይኼኛው ትንሽ እውነት ስላለው ረጋ ብለን እንየው።

15 ሚሊሜትር በ15 ሚሊሜትር የሆነ ሕብረ ሕዋስ አለን እንበል። ስካነሩ በ40 እጥፍ ሲያነሳው አንድ ፒክሰል ሩብ ማይክሮን ገደማ ነው። ስለዚህ በአንድ ጎን 60,000 ፒክሰል፣ በጠቅላላው 3.6 ቢሊዮን ፒክሰል ማለት ነው። እያንዳንዱ ፒክሰል ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ሦስት ባይት ስለሚወስድ ሳይታመቅ ከ10 ጊጋባይት በላይ ይሆናል። ይህን በአንድ ጊዜ ልክፈት ያለ ሰው ኮምፒውተሩ ቀጥ ይልበታል። እንዲያውም ራሙ (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ቢበቃ እንኳ ኢሜጅ ጄ በአንድ ምስል ውስጥ ከ2.1 ቢሊዮን ፒክሰል በላይ መያዝ አይችልም፤ ጃቫ በአንድ ዝርዝር ውስጥ መቁጠር የሚችለው እስከዚያ ድረስ ስለሆነ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ተስፋ ቆርጦ ወይ ውድ ማሽን ይጠይቃል ወይ ወደ ጠቅ ጠቁ ይመለሳል።

ግን ማን በአንድ ጊዜ ክፈቱት አለ? ምስሉን 2,000 በ2,000 ፒክሰል አድርጋችሁ ብትቆራርጡት 900 ቁራጭ ይሆናል፤ አንዱ ቁራጭ ራም ላይ የሚይዘው 12 ሜጋባይት ብቻ ነው። አንዱ ሦስት ሰከንድ ቢፈጅ ሙሉው ስላይድ በ45 ደቂቃ ያልቃል። ቁራጮቹን ጠርዝ ላይ ትንሽ ማደራረብ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ድንበር ላይ ያለው ሕዋስ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ኪውፓዝ ይህን ሁሉ እኛን ሳያስቸግር ራሱ ያደርገዋል፤ የሚያስፈልገውን ክፍል ብቻ እያነበበ። 16 ጊጋባይት ራም ባለው ተራ ኮምፒውተር ላይ ማታ አስጀምሬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፤ ጠዋት ስመጣ ሠንጠረዡ ይጠብቀኛል።

ውስጡ የሚሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ምትሃት እንዳይመስላችሁ። ስላይዱ ላይ ሁለት ቀለም አለ። ሰማያዊው ሄማቶክሲሊን ሲሆን ኒውክለሱን ሁሉ ያቀልማል፤ ቡናማው ዳብ ነው፣ የሚቀመጠውም ኬአይ-67ን ፈልጎ የሚጣበቀው ፀረ እንግዳ አካል የያዘበት ቦታ ላይ ነው። ካሜራው የሚያየው ሁለቱን ተደባልቀው ነው። ሩይፍሮክና ጆንስተን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2001 ባሳተሙት ዘዴ መሠረት ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን ፒክሰል ብርሃን በሎጋሪዝም ለውጦ ድብልቁን ይፈታዋል፤ አንድ ምስል ለሰማያዊው፣ አንድ ምስል ለቡናማው። ከዚያ ከዚህ በላይ የጠቆረ ኒውክለስ ነው፣ ከዚህ በታች አይደለም የሚል መቁረጫ ይቀመጣል። ተጣብቀው አንድ የመሰሉት ይለያያሉ፤ በጣም ትንንሹ ቆሻሻ ይጣላል፤ የቀረው ይቆጠራል፣ ይለካል። አለቀ።

ታዲያ እኔም የመጀመሪያ ማክሮዬን፣ ማለትም ፕሮግራሙ እነዚህን ደረጃዎች ራሱ እንዲደጋግም የሚያዘውን አጭር ኮድ፣ ስጽፍ አለቀ ብዬ ነበር።

አርብ ማታ 312 ምስል ያለበትን ፎልደር ሰጥቼው ሄድኩ። ሰኞ ጠዋት ሁሉንም ጨርሶ ጠበቀኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ፤ የወር ሥራ ነው በሁለት ቀን ያለቀው። ሠንጠረዡን ወደ ታች እየጎተትኩ ሳይ ግን አንድ መስመር ላይ እጄ ቆመ። ምንም ፀረ እንግዳ አካል ያልተጨመረበት፣ አንድም ቡናማ ሊኖርበት የማይገባው የማነጻጸሪያ ስላይድ 11 ከመቶ ቡናማ ይላል። ምስሉን ከፈትኩት። ሰማያዊ ብቻ ነው። ወደ ሙሉ ስክሪን አሳደግኩት፤ አሁንም ሰማያዊ።

ችግሩ የመቁረጫው ነበር። ለእያንዳንዱ ምስል መቁረጫውን ራሱ እንዲመርጥ አዝዤው ነበር፤ ጃፓናዊው ኖቡዩኪ ኦትሱ በ1979 ባወጣው ዘዴ። የኦትሱ ዘዴ ጥሩ ዘዴ ነው። ግን የሚሠራው የምስሉን ፒክሰሎች ለሁለት ቡድን በመክፈል ነው፤ ሁለት ቡድን ባይኖርም ይከፍላል። ቡናማ በሌለበት ምስል ላይ የሰማያዊውን ጥላ ለሁለት ከፍሎ ጠቆር ያለውን «ቡናማ» ብሎ አስረከበኝ። እኔ ስጠይቀው የመለሰው ያንን ነው። ጥያቄዬ ነው ስህተቱ።

አስተካከልኩት። መቁረጫውን ከማነጻጸሪያ ስላይዶቹ ላይ ተነስቼ አንድ ጊዜ ወሰንኩ፤ ለሁሉም ምስል አንዱን ቁጥር ሰጠሁ። ያ ስላይድ ወደ ዜሮ ወረደ። ከዚያ ደግሞ ሌላው ብቅ አለ፤ ሕብረ ሕዋሱ የታጠፈበት ቦታ ድርብ ስለሚሆን ይጠቁራል፣ ማክሮው እጥፋቱን ሙሉ ቡናማ አድርጎ ቆጥሮታል። አንዱ ስላይድ ላይ ደግሞ ሰው በእስክሪብቶ የከበበው ምልክት «ኒውክለስ» ሆኖ ተመዝግቧል። እነዚህን ያገኘሁት ማክሮው በእያንዳንዱ ምስል ላይ የቆጠረውን ከቦ እንዲያስቀምጥልኝ ስላደረግኩና እያንዳንዱን በዓይኔ ስላየሁ ነው። 312 ምስል በዓይን ማየት አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። ያ አንድ ቀን ተኩል ነው ከእናንተ የምፈልገው።

ምክንያቱም ይኸው ነገር ደጋግሞ ያጋጥመኛል። ኃላፊው «አሁን እኮ አውቶማቲክ ሆኗል» ይልና ውጤቱን በማግስቱ ይፈልጋል። አውቶማቲክ የሆነው ቆጠራው ነው። ማየቱ አልሆነም፤ መሆንም የለበትም። የእኔ ልማድ እንዲህ ነው፤ ከየቡድኑ የተወሰኑ ምስሎች በዕጣ አወጣለሁ፣ መለያቸው ተሸፍኖ ሁለት ሰው በእጅ ይቆጥራቸዋል፣ ከዚያ የማክሮውን ቁጥር ከሁለቱም ጋር አነጻጽራለሁ። ማክሮው ከሰዎቹ የሚለየው ሰዎቹ እርስ በርስ ከሚለያዩት ያነሰ ከሆነ አምነዋለሁ። ከበለጠ ወደ ኋላ ተመልሼ ምክንያቱን እፈልጋለሁ። በእጅ የሚቆጠሩት ምስሎች መቁረጫውን ካስተካከልኩባቸው የተለዩ መሆን አለባቸው፤ ይህን የሚዘነጋ ሰው ራሱን እያታለለ ነው።

አሁን ወደ ፋይሎቹ ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ የሚያበሳጨኝ እሱ ነው።

አንድ ጊዜ የሦስት ዓመት ምስሎች ተሰጡኝ፤ «በማክሮህ አስኪዳቸው» ተባልኩ። ስከፍታቸው ግማሾቹ ለስብሰባ ገለጻ ተብለው በጄፔግ ታምቀው የተቀመጡ ናቸው። ብርሃናቸው በእጅ ተስተካክሏል፣ የመጠን መለኪያዋ መስመር ምስሉ ውስጥ ተቀብራለች፣ አንድ ፒክሰል ስንት ማይክሮን እንደሆነ የሚናገር ነገር የለም። ጄፔግ ለዓይን ሲባል የቀለም ዝርዝር ይጥላል፤ እኛ ደግሞ የምንለካው ያንኑ ቀለም ነው። የቀሩት ፋይሎች የሚከፈቱት በስካነሩ ሻጭ ፕሮግራም ብቻ ነበር፤ የፕሮግራሙ ፈቃድ ያለው ደግሞ በተበላሸ ኮምፒውተር ላይ ነው። የሦስት ዓመት ሥራ እዚያ ተቆልፎ ቀረ። ናሙናው የተገኘው ከሰዎች ነው። ፈቅደው የሰጡን ሰዎች።

ስለዚህ አዲስ ስካነር ወይም ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ሻጩ የናሙና ፋይል ይስጣችሁ፤ ያን ፋይል እዚያው ፊቱ በኪውፓዝ ወይም በፊጂ ክፈቱት። ባዮ ፎርማትስ የሚባለው ነፃ መሣሪያ ከ150 በላይ የፋይል ዓይነቶችን ያነባል፤ ኦፕንስላይድም የብዙ ስካነሮችን ስላይድ ይከፍታል። በሁለቱም ካልተከፈተ ምስላችሁ የእናንተ አይሆንም። ፊርማችሁን አታስቀምጡ።

ምስል ሲነሳም የብርሃኑ መጠንና የነጭ ሚዛኑ ለሙሉው ጥናት አንድ ይሁን። ካሜራው ራሱ እንዲያስተካክል ከተተወ ፈዛዛውን ያጎላል፣ ደማቁን ያደበዝዛል፣ የምንፈልገውን ልዩነት ራሱ ይደመስሰዋል። ቀለም ማስያዙም ከተቻለ በአንድ ቀን፣ ካልተቻለ ከየቡድኑ እየተቀላቀለ ይሁን። የሕክምናው ቡድን ማክሰኞ፣ ማነጻጸሪያው ረቡዕ ቀለም ከያዘ ማክሮው የሚለካው ማክሰኞንና ረቡዕን ነው።

ስለ ቁጥሮቹ አጠቃቀምም አንድ ሁለት ነገር ልበል፤ ኮምፒውተር ቁጥር ማብዛት ስለሚወድ። ማክሮው ከአንድ እንስሳ 40,000 ሕዋስ ሊቆጥር ይችላል። ያ 40,000 ናሙና አይደለም፤ አንድ እንስሳ ነው። በየሕዋሱ ስታቲስቲክስ ከተሠራ ሁሉም ነገር ትርጉም ያለው ልዩነት ሆኖ ይወጣል። ደግሞ የቡናማውን ድምቀት የፕሮቲኑ መጠን አድርጎ መተርጎም አደገኛ ነው፤ ዳብ ብርሃን ይበትናል፣ ድምቀቱ ከመጠኑ ጋር ቀጥ ብሎ አይሄድም። አለ ወይስ የለም ለማለት ጥሩ ነው፤ «እጥፍ ሆኗል» ለማለት ግን አይበቃም። በአንድ መጠነ ይዘት ውስጥ ስንት ሕዋስ አለ ለሚል ጥያቄ ደግሞ አንድ ኒውክለስ ተቆርጦ በሁለት ተከታታይ ቁራጭ ላይ እንደሚታይ አትርሱ። አበርክሮምቢ የተባለ ተመራማሪ ለዚህ ማስተካከያ ቀመር ያወጣው በ1946 ነው፤ ቁራጩ 5፣ ኒውክለሱ 7 ማይክሮን ቢሆን 100 ብለን የቆጠርነው በሱ ቀመር ወደ 42 ይወርዳል። ይህን ኮምፒውተሩ አይነግረንም። እኛ ነን የምናውቀው።

«ታዲያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንሱ መጥቶ አይገላግለንም?» የምትሉ አላችሁ። መጥቷል፣ እጠቀምበታለሁም። በ2018 የወጣው ስታርዲስትና በ2021 የታተመው ሴልፖዝ ተጨናንቀው የተደራረቡ ኒውክለሶችን ከኔ ማክሮ በጣም በተሻለ ይለያሉ፤ ሁለቱም በነፃ ናቸው። ውድ ግራፊክስ ካርድ እስኪገዛ ሥራ ማቆም ግን አያስፈልግም። የተማረውን ሞዴል ለመጠቀም ተራው ፕሮሰሰር ይበቃል፣ ቀርፋፋ ነው እንጂ። ሌሊቱ ረጅም ነው፣ ይሥራ። ከዚያም ቀላል አለ፤ በኪውፓዝ ወይም ኢላስቲክ በሚባለው ፕሮግራም «ይኼ ዕጢ ነው፣ ይኼ ስብ ነው፣ ይኼ ባዶ ነው» እያላችሁ በማውስ ጥቂት መስመር ትጭራላችሁ፣ እሱ የቀረውን ይለያል። የሚጠይቀው ጥንቃቄ ያው የድሮው ነው። ያስተማራችሁበት ስላይድና የፈተናችሁበት ስላይድ ከአንድ ታማሚ ከመጡ ፈተናው ፈተና አይደለም።

ሥራችን ይወሰድብናል ብላችሁ የምትሰጉ የሙያ ጓደኞቼንም አንድ ቃል ልበል። እኔ አሁን ጠቅ ጠቅ አላደርግም፤ ስላይድ ግን ከበፊቱ የበለጠ አያለሁ። ቀድሞ ዓይኔ የደከመው በቀላሉ ሕዋስ ላይ ነበር፤ አሁን ጊዜዬ የሚያልፈው በአስቸጋሪው ላይ ነው። የማወራው ስለ ምርምር ሥራ እንደሆነም ይታወቅልኝ። ለአንድ ታማሚ «ካንሰር ነው፣ አይደለም» የሚል ውሳኔ የፓቶሎጂስቱ ነው፤ እዚያ የሚገባ መሣሪያ በራሱ ሕግና ፈተና ማለፍ አለበት። የኔ ማክሮ ለዚያ አልተሠራም።

እንግዲህ ጥያቄዬን ልድገመው። በእያንዳንዱ ጥናት ዕቅድ ውስጥ ለምስል ፍተሻ የሚሆን የሥራ ቀን ይጻፍ፤ በትርፍ ሰዓት የሚሠራ አይሁን። ዋናዎቹ ፋይሎች ሳይነኩ የሚቀመጡበት ሁለት ሃርድ ዲስክ ይገዛ፤ አንዱ ሌላ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ። ጽሑፍ ስታሳትሙ «ምስሎቹ በኢሜጅ ጄ ተተንትነዋል» በሚል አንድ መስመር አትለፉት፤ የፕሮግራሙ ስሪት፣ መቁረጫው፣ የተጣለው የሕዋስ መጠን፣ ማክሮው ራሱ አብሮ ይውጣ። ብዙዎቻችን ማክሮ ጽፈን ደብቀን የምናስቀምጠው ኮዱ አያምርም ብለን ነው። አይመር። ሰው ወስዶ ይድገመው።

የኔን ማክሮ ለሚፈልግ ሁሉ እሰጣለሁ። አብረውት በሁለት ሰው የተቆጠሩት 40 ምስሎችና 11 ከመቶ ያሳየችኝ የማነጻጸሪያ ስላይድ አሉ። መጀመሪያ እሷ ላይ ሞክሩት፤ ዜሮ ካላሳያችሁ ወደ ቀረው አትለፉ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከአንድ የሕብረ ሕዋስ ላብራቶሪ ባለሙያ